«ዛሬ አልደርስም» የሚለው ስልክ

ጡረታዬን ላስፈጽም የሄድሁ ዕለት፣ ፎርም የምትሞላልኝ ልጅ «የሥራ መደብ» የሚለው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አቁማ ቀና ብላ አየችኝ። ማኅደሬ ላይ ሁለት መደብ ሰፍሯል፤ መጀመሪያ የከብት ማዳቀል ቴክኒሻን፣ ቀጥሎ የስልክ አገልግሎት አስተባባሪ።

«ጋሼ፣ ከላም ወደ ኮምፒውተር እንዴት ሄዱ?» አለችኝ።

«እኔ የትም አልሄድሁ። ኮምፒውተሩን ነው ወደ ላሟ ያመጣሁት» አልኋት።

ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር። ደሞዜ ስንት እንደነበረና ስንት ዓመት እንዳገለገልሁ ፎርሙ ላይ አለ። ፎርሙ ላይ የሌለውን እዚህ እጽፋለሁ።

ስሜ አስማረ ነው። ከደብረ ታቦር እስከ ነፋስ መውጫ ያለ ልጅ ግን በዚህ ስም አያውቀኝም። «ባለ ሞተሩ ኮርማ» ነው የሚሉኝ። የሞተሬን ድምፅ ሲሰሙ «ኮርማው መጣ!» እያሉ በየአጥሩ ሲንጫጩ ሚስቴ መጀመሪያ ላይ ታፍር ነበር፤ ኋላ ግን እሷም «ኮርማው ምሳውን ሳይበላ ወጣ» ማለት ጀመረች።

ሥራዬን ለማያውቅ ላስረዳ። የተመረጠ ኮርማ ዘር በቀጭን ቱቦ ሆኖ፣ በናይትሮጅን ብርድ ተጠብቆ ይመጣል። ላሟ ኮርማ ስትፈልግ በእጄ አስገባላታለሁ፤ ከእናቷ የተሻለ የምትታለብ ጥጃ ትወለዳለች። ችግሩ ጊዜው ላይ ነው። ላም በሃያ አንድ ቀን አንዴ ብትፈልግ ነው፤ ያውም አንድ ቀን ለማይሞላ ጊዜ። ጠዋት የታየች ማታ፣ ማታ የታየች ጠዋት መዳቀል አለባት። ካለፈ አለፈ፤ ሌላ ሃያ አንድ ቀን መጠበቅ ነው።

ይህን ያስተማሩኝ ጋሼ ዘውዱ ናቸው። እኔ ሥራ ስጀምር ሞተር የሚባል አልነበረንም፤ ያንን ከባድ የናይትሮጅን ዕቃ በበቅሎ ጭነን ከገሳይ ወደ ጉና ስንወጣ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርን። ገበሬ ቤት ሲደርሱ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ይታጠባሉ፤ ሰው እያያቸው። ጥፍራቸውን በየማለዳው ይቆርጣሉ። የማዳቀያውን ዘንግ የጉና ብርድ እንዳያቀዘቅዘው ከሸሚዛቸው ሥር ደረታቸው ላይ ሻጥ አድርገው ይይዙታል። እኔም ከእሳቸው አይቼ ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ታቅፌ ኖርሁ።

ከዚያ አባወራውን ትተው ዙሪያውን ያያሉ። «ማን ነው የሚያልባት?» ይላሉ። አባወራው «የላሟ ጌታ እኔ ነኝ» ቢል አይሰሙትም። የምታልባት ሴት ስትመጣ ነው ጥያቄ የሚጀምሩት። መቼ ጮኸች? ሌላ ከብት ሲወጣባት ቆመች ወይስ ሸሸች? ወተቷ ቀነሰ ወይ? መልሱን ሰምተው፣ ላሟን ዞረው አይተው፣ ጊዜዋ ካለፈ ቦርሳቸውን ይዘጋሉ። ግማሽ ቀን በእግር ተጉዘን የደረስንባት ላም ብትሆንም ይዘጋሉ። በሆዴ ስንት ጊዜ እንደረገምኋቸው እግዜር ይወቀው። «አስማረ፣ የእኛ ሥራ ግማሹ እምቢ ማለት ነው» ይሉኝ ነበር።

ጋሼ ዘውዱ ጡረታ ወጡ፤ ለእኔ ሞተር ሳይክል ተሰጠኝ። ነፋስ መውጫ ሠራሁ። ከጣራ ገዳም በታችም ሁለት ክረምት ሠራሁ፤ የገዳሙ አባቶች ሥራዬን ሲጠይቁኝ «የከብት ሐኪም ነኝ» ብዬ ነበር የማልፈው። ከዚያ ወደ ደብረ ታቦር ተመለስሁ። ሞባይልም በየገበሬው ኪስ ገባ።

አንድ ፕሮጀክት «ገበሬው ቴክኒሻኑን በስልክ የሚጠራበት አገልግሎት ይሠራ» ብሎ ሲመጣ ቢሮው እኔን መደበ። ከባሕር ዳር ሄኖክ የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ መጣ፤ ጎበዝ፣ ፈጣን፣ ላም በቅርብ አይቶ የማያውቅ። እሱና እኔ በር ዘግተን ሦስት ወር ሠራን። አንድ ገበሬ አማከርን ብል ውሸት ነው። ገበሬው ስሙን፣ ቀበሌውንና የከብቱን ብዛት ያስመዘግባል፤ የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ላሟ ኮርማ ስትፈልግ ቁጥሩን ጽፎ መልእክት ይልካል። ኮምፒውተሩ ደግሞ የእኔን መንገድ ይደለድላል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብዬ አንድ ደንብ የጨመርሁ ራሴ ነኝ፤ ብዙ ከብት ያለው ይቅደም።

ለምረቃው ሙክት ታረደ፤ ንግግር ተደረገ፤ እኔም አጨበጨብሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ትዝ ያለን ከጠመጠምን በኋላ ነው።

ወደየቀበሌው የላክናቸው መዝጋቢዎች ባዶ ወረቀት ይዘው ተመለሱ። «ስንት ከብት አለዎት?» ሲሏቸው ሰዎቹ «እግዜር የሰጠን አለ» ብለው ዝም። በእኛ አገር ሰው የከብቱን ቁጥር ለማንም አይናገርም፤ ዓይን ይገባበታል። እኔ ራሴ የገበሬ ልጅ ነኝ። ጎረቤት መጥቶ «ከብቶችህ በዙ» ካለው አባቴ ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጭ ይውል ነበር። ወንበር ላይ ስቀመጥ ግን ረሳሁት። ሁለት ላም ያለው አንድ ቀልደኛ ደግሞ «ሃያ» ብሎ ነበርና ኮምፒውተራችን ከሁሉ አስቀድሞ እሱን ያከብረው ጀመር።

ቁጥሯን ሳትደብቅ የተናገረች አንዲት ሴት ነበረች። ይታይሽ ትባላለች፤ ከገሳይ በላይ፣ ጉና ሥር ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው። ስድስት ዓመት አረብ አገር ሠርታ መጥታ፣ ባጠራቀመችው አንዲት ላም ገዛች። ዳማ ነው ስሟ፤ የላሟ ማለቴ ነው። ዳማ የተሻለ ዘር ጥጃ ከወለደችላት ይታይሽ ለገሳይ ሻይ ቤቶች ወተት ማቅረብ ልትጀምር አስባለች። አረብ አገር የላካት ደላላ ደግሞ «ተመለሺ፣ ቦታ አለ» እያለ ይደውልላታል።

«እንዲህ ነው ጋሼ» አለችኝ ራሴ ስመዘግባት። «ዳማ ለፋሲካ ካረገዘች እዚሁ ነኝ። ካላረገዘች ለበዓሉ ለነጋዴ ሸጬ እሄዳለሁ። እናቴን ሁለተኛ ጥዬ መሄድ ሞቴ ነው፤ ግን በባዶ ቤት ተቀምጬ አላያትም።»

ዳማ ኮርማ የፈለገች ዕለት ይታይሽ ጎህ ሲቀድ መልእክቱን እንዳስተማርናት አድርጋ ላከች። ኮምፒውተሩ አየው፤ አንዲት ላም ያላት ናትና ከሰልፉ መጨረሻ ላይ አደረጋት። እኔ የደረስሁት በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። ላሟ ረግታለች፤ ሌላ ከብት ሲጠጋት ትሸሻለች። ጊዜዋ እንዳለፈ ዓይኔም እጄም አወቀ። ይታይሽ ግን ውኃውንም ሳሙናውንም ይዛ፣ ነጠላዋን አሸርጣ ቆማለች፤ እናቷ ከበስተኋላ «ማርያም እጅህን ትባርከው» ይላሉ። ቦርሳዬን መዝጋት አቃተኝ። አዳቀልኋት። «እንግዲህ እግዜር ያውቃል» ብዬ ሞተሬን አስነሣሁ። እግዜር ብቻ ሳይሆን እኔም አውቅ ነበር።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ተሳስቻለሁ። እያወቅሁ የሰው ተስፋ ላይ የቀለድሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ሦስት ሳምንት አልፎ ይታይሽ ቢሯችን ድረስ መጣች። አልተቀመጠችም።

«ስሜን ሰርዙልኝ» አለች።

«ምነው? ዳማስ?» አልኋት።

«ዳማማ ከትናንት ወዲያ እንደገና ፈልጋ ዋለች። አልላክሁም። ለምን ብዬ እልካለሁ? ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሲባል እሰማ ነበር፤ እናንተ እሷኑ በስልክ ሠራችኋት።»

ሄኖክ ስለ ኔትወርክ ሊያስረዳት አፉን ከፈተ። እጄን አንሥቼ አስቆምሁት።

«ይታይሽ፣ የዚያን ቀን ጊዜዋ አልፎ ነበር። እያወቅሁ ነው ያዳቀልኋት። መንገር አፈርሁ» አልኋት።

ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

«አረብ አገር ስድስት ዓመት ሙሉ ‹እሺ ነገ› ስባል ኖሬ ነው የመጣሁ፣ ጋሼ። ከዚያ ወዲህ ‹አይሆንም› የሚለኝን ሰው ነው የማምን። የዚያን ቀን ‹አልደርስም› ብትሉኝ ኖሮ እኮ ላሚቱን ይዤ መንገድ ላይ እቀበልዎ ነበር። ያቃጠለኝ መዘግየትዎ አይደለም፤ አለመናገርዎ ነው።»

ይቅርታ ጠየቅኋት። ስትነሣ፣ «ዳማ ከፋሲካ በፊት አንዴ ትፈልጋለች፤ ያን ቀን እጠብቃለሁ። ስልካችሁን ግን እንደገና የምትሠሩት ከሆነ እኛ ባለንበት ሥሩት» አለች። ሃያ ቀን እንኳ አልቀረንም።

በሚቀጥለው እሑድ ሄኖክና እኔ እነ ይታይሽ ደብር ሄድን። ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሄኖክ ኮምፒውተሩን ሊከፍት ሲል ይታይሽ «እሱን ዝጋውና አንተ ስልኩን ሁን» አለችው። ጀርባውን ሰጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ሴቶቹ በተራ እየመጡ ይጠሩት ጀመር። የመጀመሪያዋ ባልቴት ናቸው።

«እንግዲህ ስልኩ ከሆንህ ስማኝ ልጄ። እኔ ጽሕፈት አላውቅም። ሚስኮል ግን አውቃለሁ።»

ሰው ሳቀ። ሄኖክ ግን ዞሮ አያቸው፤ ያን ፊቱን አልረሳውም። ሦስት ወር የለፋንበትን የመልእክት አጻጻፍ እሳቸው በአንድ ቃል ጣሉት። ሚስኮል ያደርጋሉ፣ ስልኩ መልሶ ይደውልላቸዋል፣ በአፋቸው ይናገራሉ። ቀላል ነው፤ ሒሳባቸውም አይቆረጥም።

አያ ተሾመ የሚባሉ አባወራ ተነሡ። «የሚመዘገበው ግን የእኔ ስልክ ነው፤ ቤቱ የኔ ነው» አሉ።

ሚስታቸው ከተቀመጡበት ሆነው፣ «ስልኩ ያንተ ነው። አንተ ስልኩን ይዘህ ገሳይ ገበያ ስትውል ላሟን የማያት እኔ ነኝ። ወይ ስልኩን ተው፣ ወይ ላሟን አስከትላት» አሏቸው። አያ ተሾመ ራሳቸውም ሳቁ። ጋሼ ዘውዱ ዕድሜያቸውን ሙሉ «ማን ነው የሚያልባት?» ሲሉ የኖሩት ይህንኑ ነበር፤ እኛ ግን ፎርማችን ላይ አላሰፈርነውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምንመዘግበው የምታልበውን ሰው ሆነ፤ ስልክ ከሌላት የጎረቤቷን።

ከብት መቁጠርም ቀረ። «ስሟን ብቻ ጠይቁ» አሉን። የላም ስም መናገር አያስፈራም፤ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል። ወርቄ፣ ዳልቻ፣ ሸጌ እያሉ ሲነግሩን ሄኖክ መጻፍ አቃተው። ብዙ ያለው ይቅደም የሚለውን ደንቤንም ራሴ በእጄ ሰረዝሁት፤ ጊዜዋ ሊያልፍ የቀረበ ትቅደም ተባለ።

የሄኖክን ድምፅ ግን አልወደዱትም። «የራዲዮ ሰው ነህ እንዴ? እንደ ሰው አናግረን» አሉት። ስለዚህ ስልኩ የሚናገረውን ሁሉ ይታይሽ በድምፅዋ ቀዳችው። የመጨረሻዋን መልእክት ያስጨመረችው እሷ ናት፤ «ዛሬ አልደርስም። አትጠብቁኝ። ያለሁበትን ቦታ ስሙ» ትላለች፤ ከዚያ ቴክኒሻኑ ያለበትን በራሱ ድምፅ ይናገራል።

ኃላፊያችን ይህን ሲሰማ መነጽሩን አወለቀ። «አስማረ፣ ‹አልመጣም› የሚል አገልግሎት በየትኛው ሪፖርት ነው የሚገባው?»

«በእኔ ስም ይግባ» አልሁት። «ደግሞ እኛ ብቻችንን የምንሠራው አገልግሎት እኮ የለም፤ አይቶ የሚጠራን፣ ይዞ የሚያቆምልን ባለላሙ ነው። እውነቱን ካልነገርነው የእሱን ግማሽ እንዴት ይሥራ?» አጉረመረመ፤ ፈረመ።

ሄኖክ ቀን ተሌት ሠራ። እኔ ቀን እቆጥር ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ማለዳ ሚስኮል ገባ፤ ስልኩ መልሶ ደወለ፤ የይታይሽ ድምፅ መጣ። «ዳማ ፈልጋለች። ጎህ ሲቀድ ነው ያየኋት። የጎረቤት ጥጃ ሲወጣባት ቆማለች።» በዚያን ዓመት ከዚህ የተሻለ ዜና አልሰማሁም። ሁለት ላም መንገድ ላይ አዳቅዬ ከሰዓት በኋላ ወደ ጉና አቀናሁ።

ከገሳይ ወጥቼ ብዙ ሳልሄድ የበልግ ዝናብ ወረደ። የእኛን አገር ጭቃ የማያውቅ ሰው አይፈርድም። ሞተሬ እስከ ጎማው እኩሌታ ገባ። ጎተትሁ፣ ገፋሁ፣ ሰደብሁ። ናይትሮጅኑን ተሸክሜ ያን ዳገት በእግር ብወጣ ሳልደርስ ይጨልማል። ስልኬን አወጣሁ፤ መልሼ ከተትሁ። እውነቱን ልናገር፦ አልደወልሁም። ቢያንስ አምስት ደቂቃ አልደወልሁም። «ምናልባት እደርስ ይሆናል» የምትል ያች የድሮ ነገር መጥታ ትከሻዬ ላይ ተቀመጠች። ፋሲካ ሳምንት ነው የቀረው። ዛሬ ካለፈች ዳማ ትሸጣለች፤ ይታይሽ ትሄዳለች፤ እኔ ነኝ ያስኬድኋት።

ከዚያ ደወልሁ። ስልኩ የይታይሽን ድምፅ ለይታይሽ ራሷ አሰማት፤ «ዛሬ አልደርስም። አትጠብቁኝ። ያለሁበትን ቦታ ስሙ።» ቀጥሎ የእኔ ድምፅ፤ «ከወንዙ ወዲህ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ነኝ። ሞተሩ ጭቃ ውስጥ ገብቷል።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ዝናቡ አባራ። ምን ያህል እንደቆየሁ ሳላውቅ፣ ከዳገቱ ላይ ድምፅ ሰማሁ። ቀና ብል ሰልፍ ይወርዳል። ፊት ይታይሽ ገመድ ይዛ፤ ቀጥሎ ዳማ፤ ከኋላዋ አምስት ስድስት ሴቶች እየነዷት፤ እናቷ ጃንጥላ ዘርግተው፤ አያ ተሾመ ደግሞ ማንም ሳይጠራቸው ጠፍር ይዘው።

«አልደርስም አሉ፣ ደረስን!» አለችኝ ይታይሽ ከሩቅ።

ወንዙን ስትሻገር ዳማ እምቢ አለች፤ ሴቶቹ ከኋላ ገፏት፤ አያ ተሾመ እስከ ጉልበታቸው ገቡ። ከባሕር ዛፉ ጋር አሰርናት። እጄን እስከ ክርኔ ታጠብሁ። ከቴርሞስ ለብ ያለውን ውኃ ቀዳሁ፤ ይታይሽ ክርኗን ነክራ «ልክ ነው» አለች። ቱቦዋን ነክሬ በረዶዋን አቀለጥሁ፤ ዘንጉን ከደረቴ አወጣሁ። ዳማን ዞሬ አየኋት። ጊዜዋ ነበር። ጊዜዋ ልክ ነበር! ስጨርስ ጀርባዬ በላብ ርሶ ነበር፤ ሴቶቹ ወዲያው እልል አሉ፤ አንድ ሴት ልጅ የተዳረች ነው የሚመስለው። ከዚያ ሁላቸውም ተጋግዘው ሞተሬን ከጭቃው አወጡልኝ።

ፋሲካ ደረሰ፤ ዳማ አልተሸጠችም። ሃያ አንደኛው ቀን መጣ፤ ዳማ ጸጥ ብላ ሣሯን በላች። በሦስተኛው ወር በእጄ ፈትሼ «አለ» ስል የይታይሽ እናት መሬቱን ሳሙ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ነገር ሩጫ ነው። የዚያ መንደር ሰዎች መንገዱ በሚያልቅበት ቦታ ላይ በደቦ የላም ማሰሪያ ሠሩ፤ «ኮርማው እዚህ ድረስ ይምጣ፣ ቀሪው የእኛ ነው» አሉ። ሌሎቹ ቀበሌዎችም አይተው ሠሩ። የእኔ ሞተር የማይወጣበት ዳገት ሁሉ በሴቶቹ እግር መውረድ ጀመረ። በስልክ ከተጠራንባቸው ላሞች የሚያልፈን ጥቂት ሆነ፤ ስናልፍም ተናግረን ነው። ኃላፊያችን በየስብሰባው «‹አልደርስም› የሚለው የእኛ አዲስ አሠራር» እያለ ሲናገር ሄኖክና እኔ በጠረጴዛ ሥር እግር ለእግር እንረጋገጣለን።

በዘጠነኛው ወር መጨረሻ ላይ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ሄኖክ የገቡትን መልእክቶች ሲከፍት «ጋሼ፣ ይችን ኑ ስሙ» አለኝ። ይታይሽ ናት።

«ጋሼ አስማረ፣ ዛሬ የምጠይቃችሁ የለኝም። ዳማ ሌሊት በሰላም ተገላገለች። ሴት ናት። ደላላው አሁን ጠዋት ደውሎ ‹ቁርጥሽን ንገሪኝ› ቢለኝ ስልኩን ለጥጃዋ አስጠጋሁለት። የነገረችውን እናንተም ስሙት።»

ጥቂት ኮሽታ ተሰማ፤ ገለባ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ቀጭን፣ የተናደደ፣ ገና ግማሽ ቀን ያልሞላው ድምፅ ቢሮውን ሞላው።

«እምቧ!»